ከአገር ቤት የመጡ ወላጆችን ይዞ በ«ዘ ጋን» ባቡር አውስትራሊያን ለማቋረጥ፦ ደረጃ በደረጃ መመሪያ

እዚህ አውስትራሊያ የምንኖር ሰዎች እናት ወይም አባት ሊጠይቁን ሲመጡ ከተማውን እናሳያለን፣ ባሕር ዳር እንወስዳለን፣ ከዚያ በኋላ ግራ ይገባናል። ያኔ ነው ስልክ የሚደወልልኝ፦ «ያ በረሃውን የሚያቋርጠው ባቡር እንዴት ነው የሚያዘው? እማዬ ትችለዋለች ወይ? ጾም ላይ ብትሆን ምን ትበላለች? አልጋው ከፍ ያለ ነው አሉ፣ እውነት ነው?» ጥያቄው ሁሌም አንድ ስለሆነ መልሱን ከእነምክንያቱ እዚህ ላስቀምጠው።

ዘ ጋን ከአዴላይድ ተነስቶ በአሊስ ስፕሪንግስና በካተሪን በኩል ዳርዊን የሚደርስ የመንገደኞች ባቡር ነው። ርቀቱ 2,979 ኪሎ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ሥራ ሲጀምር መጨረሻው አሊስ ስፕሪንግስ ነበር፤ ዳርዊን የደረሰው በ2004 ነው። ባቡሩን የሚያስኬደው ጆርኒ ቢዮንድ የተባለ ድርጅት ሲሆን ምግቡ፣ መጠጡና በየፌርማታው ያለው መደበኛ ጉብኝት በትኬቱ ዋጋ ውስጥ የተካተተ ነው። ስለዚህ ዋጋውን ከአውሮፕላን ትኬት ጋር አታወዳድሩት። የሦስት ቀን ሆቴል፣ ምግብና አስጎብኚ በአንድ ላይ እንደሚከፈልበት አድርጋችሁ አስሉት። ቢሆንም ለአንድ ሰው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነውና ከመክፈላችሁ በፊት ከታች ያሉትን የመጀመሪያዎቹን አራት ደረጃዎች ጨርሱ። ጉዞው የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ካቢን ውስጥ በሚገባው ትንሽ ሻንጣ፦
- ለጉዞው ቀናት ሁሉ የሚበቃ መድኃኒት ከነማዘዣው፣ መነጽር፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት መለኪያ ካለ እሱም
- ፓስፖርት ወይም መታወቂያ፣ የትኬቱና የጉዞ ዋስትናው የታተመ ቅጂ
- ጋቢ (ይህን አትተዉት፤ ምክንያቱን ደረጃ 8 ላይ ታገኙታላችሁ)
- የማያንሸራትት ጫማ፣ እንዲሁም ለካቢን ውስጥ ቀላል ነጠላ ጫማ
- ሰፊ ባርኔጣ፣ የፀሐይ ክሬም፣ ፊትን የሚሸፍን የዝንብ መረብ
- የውሃ ኮዳና ትንሽ የትከሻ ቦርሳ
- የአውስትራሊያ ሶኬት አስማሚ፦ ከአዲስ አበባ የመጣ ቻርጀር ያለ አስማሚ አይገባም
- ለእራት የሚሆን ደህና ልብስ፤ ለእናቶች ነጠላ ወይም ሻሽ በቂ ነው
- ስልክ ላይ ቀድሞ የተጫነ መዝሙር፣ ስብከት ወይም መጽሐፍ

በዋናው ሻንጣ፦ የቀረው ሁሉ። ይህ ሻንጣ ጣቢያው ላይ ተረክበው በሌላ ፉርጎ ስለሚጭኑት መጨረሻ ጣቢያ እስክትደርሱ አታገኙትም።

ደረጃ 1፦ አቅጣጫውን ምረጡ

ሁለት የተለመዱ ጉዞዎች አሉ። ከአዴላይድ ወደ ዳርዊን የሚሄደው እሑድ እኩለ ቀን አካባቢ ተነስቶ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ይደርሳል፦ ሦስት ቀን፣ ሁለት ሌሊት። ከዳርዊን ወደ አዴላይድ የሚመለሰው ረጅሙ ጉዞ ደግሞ በደረቁ ወራት ረቡዕ ጠዋት ተነስቶ ቅዳሜ ይደርሳል፦ አራት ቀን፣ ሦስት ሌሊት። ረጅሙ ከአሊስ ስፕሪንግስና ከካተሪን በተጨማሪ ኩበር ፒዲን ይጨምራል። የምትሄዱበትን ሳምንት መርሐ ግብር ግን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አረጋግጡ።

ለምን ይጠቅማል? አንደኛ፣ ለእኛ የቀኑ ጉዳይ ቀላል አይደለም። ከእሑድ እስከ ማክሰኞ ባለው ጉዞ ረቡዕም ዓርብም የለም፤ ከአጽዋማት ውጭ ከሆነ እናታችሁ ሁሉንም ማዕድ ያለ ሐሳብ ይቀርባሉ። ረጅሙ ጉዞ ግን ሁለቱንም የጾም ቀናት ይይዛል። ሁለተኛ፣ ሦስተኛው ሌሊት ለአዛውንት ወገብ ከባድ ሊሆን ይችላል።

እኔ ከሰባ ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ከአዴላይድ ወደ ዳርዊን ያለውን እመርጣለሁ። ብርቱ ለሆነና ኩበር ፒዲን ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ረጅሙ ይሻላል። ኩበር ፒዲ የኦፓል ማዕድን የሚወጣባት፣ ሰዉ ሙቀቱን ሸሽቶ ከመሬት በታች ቤት ፈልፍሎ የሚኖርባት ከተማ ናት። ከመሬት በታች የተፈለፈለ የሰርቢያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም አለባት። ላሊበላን ተሳልሞ ያደገ ሰው በዚያ በረሃ መሐል ድንጋዩ ላይ የተቀረጹትን ቅዱሳን ሲያይ የሚሰማውን መናገር አይቻልም፤ እናታችሁን ለብቻቸው ትንሽ ጊዜ ስጧቸው።

ደረጃ 2፦ ወቅቱን ምረጡ

ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ያለው ጊዜ ይሻላል። እኛ አገር ክረምት ሆኖ ዝናብ በሚወርድበት በሐምሌ፣ ሰሜኑ ዳርዊን ደረቅና ፀሐያማ ነው፤ ቀን ላይ 30 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። በዚያው ሳምንት አሊስ ስፕሪንግስ ቀን 20 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ሌሊቱን ወደ 4 ዲግሪ ይወርዳል፤ አንዳንዴም ከዜሮ በታች ይሆናል። ማለትም በአንድ ጉዞ ሁለት አየር ታገኛላችሁ፤ ልብስ ስታዘጋጁ ይህን አስቡ። ከዲሴምበር እስከ ፌብሩወሪ በረሃው ከ35 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ ሰሜኑ ደግሞ የዝናብ ወቅት ላይ ነው። ለአዛውንት አልመክረውም።

በኦገስት ለምትሄዱ፦ ጾመ ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው። ወላጆቻችሁ በሱባዔ የሚያሳልፉ ከሆነ ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት ጠይቋቸው። ደግነታቸው በዝቶ «ግድ የለም» ይላሉና ደግማችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 3፦ ካቢኑን ምረጡ

ዋናዎቹ ጎልድ እና ፕላቲነም ናቸው።

ጎልድ ትዊን ቀን ቀን እንደ ሶፋ የሚቀመጡበት ክፍል ነው። እራት ላይ ሳላችሁ ሠራተኞቹ ገብተው ሁለት ተደራራቢ አልጋ አድርገውት ይጠብቃችኋል። የላይኛው አልጋ በመሰላል ነው የሚወጣበት። ክፍሉ የራሱ ሽንት ቤትና ሻወር አለው፤ ግን ሁሉም ነገር ክንድ በማያዘረጋ ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ጎልድ ሲንግል ለአንድ ሰው ነው፤ ሻወሩና ሽንት ቤቱ በፉርጎው ጫፍ የጋራ ነው። ፕላቲነም ሰፊ ነው፣ አልጋው መሰላል የማያስፈልገው ዝቅ ያለ ነው፣ ዋጋው ግን በጣም ይጨምራል።

የአልጋው ነገር ዋና ጉዳይ ስለሆነ በደንብ አስቡበት። አንድ ልጅ ከእናቱ ጋር ከሆነ ጎልድ ትዊን ይበቃል፤ ልጁ ላይ ይወጣል፣ እናት ታች ይተኛሉ። እናትና አባት ሁለቱም አርጅተው ከሆነ ግን ማን ነው መሰላል የሚወጣው? ሌሊት ለሽንት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚነሳ ሰው በሚናወጥ ባቡር ላይ መሰላል መውረድ የለበትም። መፍትሔው ወይ ፕላቲነም መያዝ ነው፣ ወይ ሁለት ጎልድ ትዊን ጎን ለጎን ወስዶ አንድ ልጅ ከአባት፣ አንድ ልጅ ከእናት ጋር መሆን ነው። ጎልድ ሲንግል ርካሽ መስሎ ቢታያችሁም በሌሊት በኮሪደር መሄድ ስላለበት ለአዛውንት አይሆንም።

ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም ሰው ካለ ኢንተርኔት ላይ አትቁረጡ፤ ደውላችሁ ተነጋገሩ። ኮሪደሩ ጠባብ ስለሆነ የወንበሩን ስፋት ይጠይቋችኋል።

ቀድሞ የገዛ ሰው ቅናሽ ያገኛል፤ ቅናሹ ግን ሲሰረዝ የሚመለሰው ገንዘብ ላይ ጥብቅ ሁኔታ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ የወላጆቻችሁ ቪዛ ሳይወጣ ትኬት አትግዙ።

ደረጃ 4፦ ምግቡን ስትይዙ አስመዝግቡ

ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው፣ የሚጭነውም ነገር ከመነሻው ተቆጥሮ የተጫነ ነው። በረሃ መሐል ላይ «ሥጋ አንበላም» ብትሉ አስተናጋጁ በትሕትና ያዝናል እንጂ ከየትም አያመጣም። ትኬት ስትቆርጡ የሚሞላው የምግብ ፍላጎት ክፍል ላይ እንዲህ ጻፉ፦

- ለጾም፦ «ቪጋን» በሉ። «ቬጀቴሪያን» ካላችሁ ቅቤ፣ አይብና እንቁላል ይመጣል።
- ሙስሊም ከሆናችሁ ሐላል ማግኘት ይቻል እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። ካልተረጋገጠላችሁ ቪጋን ወይም ዓሣ አስመዝግቡ።
- ሁላችሁም፦ የአሳማ፣ የካንጋሮ፣ የአዞና የግመል ሥጋ እንደማትበሉ ግለጹ። በአውትባክ (በረሃማው የመሐል አገር) ጉዞ ላይ ካንጋሮና አዞ ማዕድ ላይ መቅረቡ የተለመደ ነው፤ ቁርስ ላይ ደግሞ ቤከን (የአሳማ ሥጋ) አይጠፋም።

የእናታችሁን የምግብ ዝርዝር በየማዕዱ አንብቡላቸው። ዝርዝሩ በእንግሊዝኛ ነው፤ በዝምታ የቀረበላቸውን ቀምሰው በኋላ ምን እንደነበር ቢሰሙ ቀሪው ጉዞ ይበላሽባቸዋል።

ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ያዙ፤ ሆድ ሲባባ መልካም ነው። ትኩስ ፍራፍሬ ግን ተዉ። ደቡብ አውስትራሊያ ክልል የፍራፍሬ ዝንብ እንዳይገባበት በጥብቅ ይቆጣጠራል፤ ከሜልበርንም ሆነ ከዳርዊን ፍራፍሬ ይዞ መግባት ያስቀጣል።

ደረጃ 5፦ ጉብኝቶቹን በእግራቸው አቅም ምረጡ

በየፌርማታው ከሚቀርቡት አማራጮች አንዱን ትመርጣላችሁ። ቦታ ስለሚሞላ ቀድማችሁ ምረጡ፤ ስትመርጡም ፎቶውን ሳይሆን የእግር መንገዱን አንብቡ።

አሊስ ስፕሪንግስ ላይ የበረሃ እንስሳትና አእዋፍ የሚታዩበት የዴዘርት ፓርክ ጉብኝት ለአዛውንት ምቹ ነው። የቆየው የቴሌግራፍ ጣቢያም ቀላል ነው። ካተሪን ላይ ዋናው ኒትሚሉክ ነው፦ የጃዎይን ሕዝብ ምድር የሆነ፣ በአለት የተከፋፈሉ 13 ገደሎች ያሉት ወንዝ። በጀልባ ትጓዛላችሁ። ከመጀመሪያው ገደል ወደ ሁለተኛው የሚያልፍ ጉብኝት ከመረጣችሁ ግን ከጀልባ ወርዳችሁ ባልተስተካከለ ድንጋይ ላይ በእግር ታልፋላችሁ። ጉልበት የሚያማቸው ከሆነ ይህን ቀድማችሁ ጠይቁና ጀልባ ላይ ብቻ የሚቆየውን ውሰዱ።

ደረጃ 6፦ ከመነሻው አንድ ቀን ቀድማችሁ አዴላይድ ግቡ

ባቡሩ አይጠብቅም፤ የሚቀጥለው የሚነሳው ብዙውን ጊዜ ከሳምንት በኋላ ነው። ጠዋት ከሜልበርን በሚበር አውሮፕላን ደርሼ እኩለ ቀን ላይ እሳፈራለሁ ማለት አንድ የበረራ መዘግየት ሁሉንም ገንዘብ እንዲወስደው መፍቀድ ነው። ጊዜ ካላችሁ «ዘ ኦቨርላንድ» የተባለው የቀን ባቡርም ከሜልበርን አዴላይድ ይመጣል። 828 ኪሎ ሜትር ነው፤ ወላጆቻችሁ ባቡር እንደሚስማማቸው ለማየትም ይጠቅማል።

ደረጃ 7፦ ትክክለኛው ጣቢያ ሂዱ

አዴላይድ ውስጥ ሁለት ጣቢያ አለ። መሐል ከተማ ኖርዝ ቴራስ ላይ ያለው ትልቁ ጣቢያ የከተማ ባቡሮች ነው። ዘ ጋን የሚነሳው ኬዝዊክ ሰፈር ካለው አዴላይድ ፓርክላንድስ ተርሚናል ነው። ለታክሲው ወይም ለኡበሩ ሙሉ ስሙን ንገሩት። ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፤ ሻንጣ ታስረክባላችሁ፣ ባቡሩም በጣም ረጅም ስለሆነ ፉርጎው ጋ ለመድረስ ለአዛውንት ጊዜ ያስፈልጋል። የሚያደርስ ተሽከርካሪ ካለ ሳታፍሩ ጠይቁ።

ትኬቱ ላይ 12:15 ቢል እኩለ ቀን ካለፈ ሩብ ሰዓት ማለት ነው፤ በእኛ 6 ሰዓት ከሩብ። ወላጆቻችሁ በአገራቸው ሰዓት ስለሚያስቡ የጉዞውን ሰዓት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር በወረቀት ጻፉላቸው። ይህች ወረቀት ብዙ ጭንቀት ታስቀራለች።

ደረጃ 8፦ ባቡሩ ላይ

እንደገባችሁ፣ ባቡሩ ሳይነሳ፣ አራት ነገር አሳዩአቸው፦ የሽንት ቤቱን አጠቃቀም፣ የሌሊት መብራቱን ማብሪያ፣ በሩን ከውስጥ መቆለፊያና መክፈቻውን፣ ሠራተኛ መጥሪያውን። ለሊት 9 ሰዓት ላይ በጨለማ ከመፈለግ ያድናል።

የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ የስንዴ እርሻውን አልፋችሁ ወደ ሰሜን ስትሄዱ የፍሊንደርስ ተራሮች በስተቀኝ ይታያሉ። በክረምታቸው ቶሎ ስለሚመሽ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ሳይሆን መስኮት ይሻላል። ላውንጁ (የተሳፋሪዎች የጋራ ማረፊያ) ውስጥ መቀመጫ እንደልብ ነው፤ ማዕድ ላይ ግን አራት አራት ሆኖ ከማያውቁት ሰው ጋር መቀመጥ የተለመደ ነው። ወላጆቻችሁ እንግሊዝኛ ባይችሉ ከጎናቸው ሆናችሁ አስተርጉሙ፤ አብዛኛው ተሳፋሪ ጡረተኛ ስለሆነ የልጅ ልጅ ፎቶ ወጥቶ ጨዋታው ይደራል።

ሻወር ባቡሩ ሲቆም ወይም ቀስ ሲል ይሁን። እናታችሁ ሲታጠቡ በሩ ላይ ቁሙ፤ ወለሉ እርጥብ ነው፣ ባቡሩ ደግሞ ሳይታሰብ ይወዛወዛል።

በማግሥቱ ጎሕ ሳይቀድ ባቡሩ ማርላ የተባለ የበረሃ ፌርማታ ላይ ይቆማል። እሳት ተቀጣጥሎ፣ ትኩስ መጠጥ ቀርቦ ፀሐይ ስትወጣ ታያላችሁ። ጋቢው የሚያስፈልገው እዚህ ነው፦ በሐምሌ ብርዱ አጥንት ይገባል። መውረጃው ላይ ፕላትፎርም የለም፤ በተንቀሳቃሽ ደረጃ ጠጠር ላይ ነው የሚወረደው። ሠራተኛው እጅ ይሰጣል፤ እናንተ ቀድማችሁ ውረዱና ከታች ተቀበሏቸው። መውረድ ካቃታቸው ካቢን ውስጥ ሆነው በመስኮት ማየት ይችላሉ።

ከዚያ ወደ አሊስ ስፕሪንግስ ሲቃረብ የፊንክን ወንዝ ድልድይ ታልፋላችሁ። ብዙውን ጊዜ ውሃ የለበትም፤ ሰፊ አሸዋና ዛፍ ነው። ካሜራ አዘጋጁ።

ደረጃ 9፦ ዳርዊን ስትደርሱ

ጣቢያው ከከተማው 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ወደ ሆቴል የሚያደርሰውን አውቶቡስ ስትይዙ አስመዝግቡ። በዚያው ምሽት የሚበር አውሮፕላን አትቁረጡ፦ መስመሩ አብዛኛው ነጠላ ሐዲድ ስለሆነ ከጭነት ባቡር ጋር እየተላለፉ መጠበቅ አለ፤ መዘግየት ይኖራል። አንድ ሌሊት ዳርዊን አድራችሁ በማግሥቱ ብረሩ።

ማስጠንቀቂያ

- ሕክምና፦ በከተሞቹ መካከል ሆስፒታል በመቶዎች ኪሎ ሜትር ይርቃል። ጎብኚ ወላጅ ሜዲኬር (የመንግሥት የሕክምና ሽፋን) ስለሌለው የሕክምናና የድንገተኛ ማጓጓዣ ሽፋን ያለው ዋስትና ሳይገዛ አይሳፈር። ቀድሞ ያለ በሽታን ሳይደብቁ ያስመዝግቡ፤ የተደበቀ በሽታ ዋስትናውን ያፈርሳል።
- እሳት፦ ጀበና፣ ከሰል፣ ዕጣን፣ ሻማ፣ ጧፍ ባቡር ላይ አይሆንም፤ የጭስ ማንቂያ አለ። ጸሎቱ ያለ ጧፍ ይሁን።
- ኩበር ፒዲ፦ ሜዳው በተቆፈረ ጉድጓድ የተሞላ ነው። ፎቶ ለማንሳት ወደ ኋላ አትራመዱ፤ ከተፈቀደው መንገድ አትውጡ።
- ካተሪን፦ ወንዙ አዞ አለበት። ካልተፈቀደ ቦታ እጅ እንኳ አትንከሩ።
- ፎቶ፦ የአገሬውን ነባር ሕዝብ ሳትጠይቁ አታንሱ። የተቀደሱ ቦታዎች ላይ አስጎብኚው «አይነሳም» ካለ አይነሳም።
- ስልክ፦ ለረጅም ሰዓታት ኔትወርክ አይኖርም። አዲስ አበባ ያለው ቤተሰብ እንዳይጨነቅ ቀድማችሁ ንገሩ።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

*ኡሉሩን እናያለን ብሎ መሳፈር።* ያ ቀይ አለት ከአሊስ ስፕሪንግስ በመኪና 450 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከባቡሩ አይታይም። ማየት ከፈለጋችሁ ወይ ተጨማሪ ከፍላችሁ ከአሊስ ስፕሪንግስ በአውሮፕላን የሚደረገውን ጉብኝት ያዙ፣ ወይ ሌላ ጉዞ አቅዱ። መውጣት ደግሞ ከኦክቶበር 2019 ጀምሮ ተከልክሏል።

*መድኃኒትን በዋናው ሻንጣ ውስጥ መተው።* ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ሻንጣውን ከማስረከባችሁ በፊት ጣቢያው ላይ እንደገና ከፍታችሁ እዩ።

*ሰዓቱን አለመቀየር።* ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል አዴላይድ ከዳርዊንና ከአሊስ ስፕሪንግስ አንድ ሰዓት ይቀድማል። በቀረው ጊዜ እኩል ናቸው። ከጉብኝት የመመለሻ ሰዓቱን በስልካችሁ ሳይሆን አስጎብኚው በሚነግራችሁ ያዙ፤ ኔትወርክ የሌለው ስልክ ሰዓቱን ላይቀይር ይችላል።

*ሁሉንም ጉብኝት ካልሄድን ገንዘባችን ባከነ ማለት።* አሊስ ስፕሪንግስ ላይ የወረዱ እናት ካተሪን ላይ ደክሟቸው ቢቀሩ ይቅሩ፤ አንዳችሁ አብራችኋቸው ሁኑ። ሻይ ይዞ በመስኮት ማየትም የተከፈለበት ነው።

*ትንንሽ ልጆችን አብሮ መውሰድ።* መሮጫ የለም፣ ኢንተርኔቱ አያስተማምንም፣ ካቢኑ ጠባብ ነው። ልጆቹን ዘመድ ጋ ትታችሁ ወላጆቻችሁን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ሁሉም ያርፋል።